ፎገራ ላይ የሩዙ ቁመና አምሮ ዛላው ለምን ባዶ ይሆናል?

ከባህር ዳር በጎንደር መንገድ የፎገራዋ ወረታ ስትደርሱ በክረምት ዙሪያውን የምታዩት ሩዝ ነው። ታዋቂው የሩዝ ዝርያ ኤክስ-ጅግና የመጣው በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ ነው። ይህ የጣና ሐይቅ ዳር ሩዝ ሁለት ፈተና አለበት።

1. ብርድ፦ ፎገራ ከባህር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ሩዝ ደግሞ ሙቀት ወዳድ ነው። ዛላው ገና ከመውጣቱ በፊት ሌሊቱ ከ15 ዲግሪ በታች ከሰነበተ የአበባው ዱቄት በወጉ አይበስልም። ተክሉ አረንጓዴ እንደሆነ ይቆማል፤ ዛላውን ስትጨብጡት ግን ገለባ ብቻ ነው። ብርድ ቻይ ዝርያ በእነዚያ ቀናት ለአበባው ስኳር ማድረሱን አያቋርጥም።

2. ጎርፍ፦ የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ ውሃው ማሳው ላይ ይተኛል። የሩዝ ሥር የማይታፈነው አየር የሚያወርዱ ቀዳዳዎች ስላሉት ነው። ተክሉ ሙሉ በሙሉ ሲሰጥም ግን አብዛኛው ዝርያ ወደ ላይ ለመመዘዝ ሲል ስንቁን ጨርሶ ይሞታል። ከሕንድ ነባር ዝርያ የተገኘው ሰብ-1ኤ የተባለ ጂን ዕድገቱን ገታ አድርጎ ስንቁን ያስቆጥበዋል፤ እስከ ሁለት ሳምንት ሰጥሞ ይተርፋል። ተመራማሪዎች ወደ ሌሎች ዝርያዎች ያስገቡት በማዳቀል ነው፤ በየትውልዱ ጂኑን የያዙትን ችግኞች በዘረመል ምርመራ እየለዩ።

ሁሉን የሚችል ዝርያ የለም። ስለዚህ ዘር ስትመርጡ “ስንት ኩንታል ይሰጣል?” ብቻ አትበሉ፤ “ብርድ ይችላል? ውሃ ይችላል?” ብላችሁም የግብርና ባለሙያችሁን ጠይቁ።