ለግሬትዝኪ ጉልበት ቢጨመርለትስ?

የበረዶ ሆኪ ወዳጆችን ከማይሰለቻቸው ጭውውት አንዱ ለአንድ ኮከብ የጎደለውን ችሎታ በምናብ መጨመር ነው። ቀጭኑ ካናዳዊ ዌይን ግሬትዝኪ ጉልበተኛ ተጋጣሚም ቢሆን ኖሮ? ብዙ የሚያተርፍ አይመስለኝም፤ እንዲያውም ሳይከስር አይቀርም። በ6 ዓመቱ ከ10 ዓመት ልጆች ጋር ሲሰለፍ መጋፋት አያዋጣውም ነበርና የጎማዋ ክብ ወደምትሄድበት ቀድሞ መድረስን ተማረ፤ ኋላም ከግቡ ጀርባ ቆሞ ማቀበልን ልዩ ሙያው አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1999 ጫማውን ሲሰቅል በሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ በኤንኤችኤል መደበኛ ውድድር 894 ጎሎች አስቆጥሮ፣ 1,963 ለጎል አመቻችቶ ነበር። ያመቻቸው ብቻ ከሌላ ከማንኛውም ተጫዋች የጎልና የማመቻቸት ድምር ይበልጣል። በጉልበቱ መንገድ ማስከፈት ቢችል ይህን ጥበብ ምን ብሎ ይፈልገዋል?

«ሌላው የሆኪ ኮከብ ማሪዮ ለሚዩ ግዙፍም ጥበበኛም አልነበረም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ በአንድ ጨዋታ አማካይ ውጤቱ ከግሬትዝኪ የሚያንሰው በጥቂት ነው። ታዲያ እሱን የጎዳው የችሎታ እጦት ሳይሆን የጀርባ ሕመምና በ1993 የተገኘበት የሊምፍ ካንሰር ነበር። ግሬትዝኪ 1,487 መደበኛ ጨዋታዎችን ሲያደርግ ለሚዩ 915 ላይ ቆሟል።