ጤና ተቋም መውለድ ብቻውን ለምን አልበቃም?

“ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ውለዱ” የሚለው ምክር በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ በምትገኘው በመሐል ሜዳ ከተማና በዙሪያዋ ባለው የመንዝ ደጋ እንደ መላ አገሪቱ ለዓመታት ሲነገር ኖሯል። ምክሩ ሰሚ አግኝቷል። በ1992 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተከናወኑት 5 ብቻ እንደነበሩ አሳይቷል። በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 48 ደረሱ፤ በአማራ ክልል ከግማሽም አለፉ።

የእናቶች ሞትም ቀንሷል። ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ልጆች አንጻር በ1992ቱ ጥናት 871 የነበረው የእናቶች ሞት በ2008ቱ 412 ሆኗል። የጨቅላዎቹ ነገር ግን ሌላ ነው። በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል አንድ ወር ሳይሞላቸው የሚሞቱት በ2008ቱ ጥናት 29፣ በ2011ዱ 33 ነበሩ። ልዩነቱ ጥቂት በመሆኑ ሞቱ ጨምሯል ለማለት አያስደፍርም። ሆኖም በተቋም የሚወልዱት እጥፍ ሊሞሉ ሲቃረቡ የጨቅላ ሞት አልቀነሰም። እናቲቱ ከበሩ ከገባች በኋላ ምን ይገጥማታል የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ከዚህ ነው።

በሩ እንዴት ተከፈተ

የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያዎችን ለመመደብ ታቅዶ ነበር። ነፍሰ ጡሯን ቤቷ ድረስ ሄደው የሚመክሩት እነሱ ናቸው። ቀጥሎ አምቡላንስ ለየወረዳው ታደለ፤ የወሊድ አገልግሎትም በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች በነፃ ሆነ። መንገድ የሚርቃቸው እናቶች ቀናቸው ሲደርስ መጥተው የሚሰነብቱበት የእናቶች ማቆያም ተስፋፋ። ይህ አሠራር በጉራጌ አጣጥ ሆስፒታል የተጀመረው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። ገደልና ሸለቆ ለሚቆራርጠው መንዝ፣ ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ አቀበት ለማውጣት ለሚገደድ ጎረቤት፣ የማቆያው ጥቅም ማስረጃ አያሻውም።

ሦስተኛው መዘግየት

ሴሪን ታዴዎስና ዲቦራ ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 እናቶችን የሚገድሉ ሦስት መዘግየቶችን ለይተው ጻፉ። አንደኛው ለመሄድ መወሰን፣ ሁለተኛው መድረስ፣ ሦስተኛው ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና ማግኘት ነው። እስካሁን የተዘረዘሩት ሥራዎች በአብዛኛው የመጀመሪያዎቹን ሁለት የሚያሳጥሩ ናቸው። ሦስተኛው በማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ ያለው ነው። የደም መፍሰስን ለመከላከል የሚሰጠው የኦክሲቶሲን መርፌ ልጁ እንደተወለደ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መሰጠት አለበት፤ መድኃኒቱ ደግሞ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ከቆየ ኃይሉ ይደክማል። ማሸት ያላስተነፈሰው ሕፃንም በአንድ ደቂቃ ውስጥ በአምቡ ከረጢትና ጭንብል አየር ማግኘት አለበት። መሣሪያው ቁም ሣጥን ተቆልፎበት፣ ቁልፉን የያዘው ሰው ከሌለ፣ ሕንፃው ምንም አይፈይድም።

ከዚህ ላይ ደጋው የራሱን ጥያቄ ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ማዋለጃ ክፍል ቢያንስ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሞቅ ይመክራል። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። ክፍል ማሞቅ፣ ሕፃኑን ወዲያው ማድረቅ፣ ከእናቱ ደረት ገላ ለገላ ማስተኛት፣ የመጀመሪያውን ገላ መታጠብ አንድ ቀን ማቆየት፣ ያለጊዜው ለተወለደ ልጅ የሕይወት ጉዳይ ነው። ከመሐል ሜዳ ሆስፒታል አቅም በላይ ለሆነ ሕመም ደግሞ ሪፈራሉ ወደ ደብረ ብርሃን ነው፤ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ።

ክትትሉ ምን ያህል ይደርሳል

ኢትዮጵያ በ2005 ዓ.ም. የእናቶች ሞት ቅኝትና ምላሽ የተባለ ሥርዓት ጀመረች፤ በኋላም የጨቅላ ሞት ተጨመረበት። አንዲት እናት ስትሞት፣ በቤትም ይሁን በተቋም፣ ኮሚቴ ተቀምጦ ምን ቢደረግ ትተርፍ ነበር ብሎ ይመረምራል። መርሑ ስም አለመጥራት፣ ጥፋተኛ አለመፈለግ ነው። በ2009 ዓ.ም. አገሪቱ ከሌሎች ስምንት አገሮች ጋር፣ በተቋም የሚደርሰውን የእናቶችና የጨቅላዎች ሞት በአምስት ዓመት በግማሽ ለመቀነስ የተቋቋመውን የጥራት ኅብረት ተቀላቀለች።

ሥርዓቱ መልካም ነው፤ የሚሰናከለው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ፍርሃት ነው። አዋላጇ መረጃው ለቅጣት እንደሚውል ከጠረጠረች ሞቱ አይመዘገብም፣ ያልተመዘገበ ሞት ደግሞ ትምህርት አይሆንም። ሁለተኛው፣ ቁጥሩ ከጤና ጣቢያ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን እየወጣ ምላሹ አለመውረዱ ነው። “ደም አልነበረም” ብሎ የጻፈ ኮሚቴ ደም ካላገኘ በሚቀጥለው ወር ያንኑ ይጽፋል። በዚህ ላይ በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወደ ሰሜን ሸዋ ዘልቆ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም የአማራ ክልል ግጭት ውስጥ ነው። መንገድ ሲዘጋ አምቡላንሱም፣ መድኃኒቱም፣ ሪፖርቱም አብረው ይቆማሉ።

ስለዚህ የጥራት መለኪያው የወላዶች ብዛት ብቻ ሊሆን አይገባም። ስንት ሴት በአንድ ደቂቃ ውስጥ መርፌውን አገኘች? ስንት ሕፃን ሙቀቱ ተለካ? ከሪፈራል ውሳኔ እስከ መኪና መነሳት ስንት ሰዓት ሄደ? የእነዚህን ጥያቄዎች መልስ መሐል ሜዳ ያሉ ባለሙያዎች በየሳምንቱ ራሳቸው ቆጥረው ራሳቸው ሊወያዩበት ይችላሉ፤ የበላይ አካል ድርሻ የጎደለውን ማሟላት ነው። መንዝ ያሉ እናቶች የተባሉትን ፈጽመው ጤና ተቋም መጥተዋል። አሁን ተራው ተቋሙን የሚያስተዳድሩት ነው።