የላንጋኖ አሸዋና የንጋት ጭቃ

ስለ ባሕር ዳርቻ ሲወራ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታሰበን ምጽዋ ነው። አገራችን ግን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የላትም፤ ስለዚህ ዳርቻ እናወዳድር ካልን የሐይቆቻችንን ነው። ለእኛ ለአሶሳዎችም ነገሩ ሩቅ አይደለም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ኋላ የተኛው የንጋት ሐይቅ፣ ሲሞላ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ዳርቻው ታዲያ እንዴት ያለ ነው?

ላንጋኖን እንውሰድ። ውኃው ደፍርሶ ሻይ በወተት ይመስላል፤ ላየው ሰው አያስጎመጅም። ግን ለዋና የሚመረጠው እሱ ነው። ነፋስ የሚያስነሳው ማዕበል ደለሉን እያጠበ አሸዋውን ያስቀራል፤ ቢልሃርዚያም የለበትም ይባልለታል። ሐዋሳ ለዓይን ይበልጣል፤ ነገር ግን ቄጤማው ለዓሣና ለወፍ ብቻ ሳይሆን ቢልሃርዚያን ለሚያሳድገው ቀንድ አውጣም ቤት ነው። የጫሞውን «የአዞ ገበያ» ከጀልባ ላይ ማየት እንጂ እግር መንከር ማን ይደፍራል!

ንጋት ከሁሉም ይለያል። በክረምት ይሞላል፣ ውኃው ተርባይን ሲያዞር ደግሞ በበጋ ይወርዳል። ማዕበሉ አንድ ቦታ ረግቶ አሸዋ ለማጠብ ፋታ የለውም። ውኃው ሲሸሽ የሚቀረው ጭቃና ጉቶ ነው። ወርቅ አጣቢዎች የሚያውቁት የዓባይ አሸዋ እኮ ነበረን፤ ግድቡ ጋ ያለው አሁን ከውኃ በታች ነው።

አሸዋው ቢቀርም ግድ የለም፤ የሚያሳስበን ጸጥ ያለው፣ ሣር የበቀለበት ጥግ ነው። በኩርሙክ አካባቢ የሽንት ቧንቧ ቢልሃርዚያ ከቆየ ጀምሮ የታወቀ በሽታ ነው። የበሽተኛው ሽንት ውኃ ውስጥ ሲገባ እንቁላሉ ይፈለፈላል፣ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፣ ከዚያ ወጥቶ የዋናተኛውን ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ ይበሳል። ሽንት ቤት በሌለበት ዳርቻ ጥሩ አሸዋ ምን ይሠራል?

ከመካከላችን ጉባ የሚመደብ አይጠፋም። ልጆቹ ከትምህርት መልስ የሚሮጡት ወደ ውኃው ነው፤ «አትሂዱ» ብንል ማን ይሰማናል? ይልቅ ቄጤማ ካለበት ጥግ እንዲርቁ፣ በተለይ ትሉ በሚበዛበት በቀትር እንዳይገቡ እናስረዳቸው። ተቀድቶ ሁለት ቀን የቆየ ውኃ ለገላ ይሆናል፤ ትሉ እስከዚያ ይሞታል። ሽንቱ ደም የቀላቀለ ተማሪ ካለ ሳይሸማቀቅ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን አለለት።