ተጨማሪ መረጃ፦ ዘጠኝ ጀሪካን በቀን
በበዓል በግ ሲታረድ ኩላሊቱን አይታችሁ ይሆናል። የሰውም ቅርጹ ያንኑ ይመስላል፤ መጠኑ የተጨበጠ እጅ ያህል ነው። በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ ኔፍሮን የሚባሉ 1 ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ዘጠኝ ጊዜ መሙላት ማለት ነው! ይህ ሁሉ ሽንት ቢሆን ኖሮ ከምንጭ ዳር ባልተነሣን ነበር። ደግነቱ 99 በመቶ ያህሉ ውኃ፣ ከስኳሩና ከሚያስፈልገን ጨው ጋር፣ ወደ ደም ይመለሳል። ዩሪያን የመሰለውን ቆሻሻ ይዞ በሽንት የሚወጣው ከ1 እስከ 2 ሊትር ብቻ ነው። ኩላሊት በዚህ አያበቃም፤ የአጥንት መቅኔ ቀይ የደም ሕዋሳትን እንዲሠራ የሚያዝ ሆርሞንም ያመነጫል። ጤነኛ ሰው በአንድ ኩላሊት መኖር ይችላል፤ ዘመድ ለዘመዱ ኩላሊቱን መለገስ የሚችለውም ለዚህ ነው።