የቦይለሩ ቀለብ ከማሳ ይጀምራል

ከአዳማ ወጣ ብሎ በሚገኘው፣ አዋሽ በሚያጠጣው የወንጂ ሜዳ፣ የአገዳ ቆረጣ ሲደርስ ማሳው በእሳት ይያያዛል። ደረቁ ቅጠል በደቂቃዎች ውስጥ ነዶ ሲያልቅ አገዳው ጠቁሮ ቆሞ ይቀራል። ቀጥሎ ቆራጮች ይገባሉ። ከዚህ በኋላ ጊዜው የሚቆጠረው በሰዓት ነው። የተቃጠለና የተቆረጠ አገዳ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጨመቅ ይመረጣል፤ ሁለትና ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ከዋለ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ስኳሩም መበላሸት ይጀምራል። ከዓመት በላይ የለፉበት ሰብል ነውና ለአገዳ አብቃይ አርሶ አደሮች ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

አገዳው ሲዘገይ መጀመሪያ የሚታማው ተሽከርካሪ ነው፤ ቀጥሎ ወፍጮው። ቦይለሩን የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው። ሆኖም ወፍጮውን የሚያዞረውም ሆነ ጭማቂውን የሚያፈላው የቦይለሩ እንፋሎት ነው። እሳቱ ሲደክም ሁሉም ይቆማል።

የቦይለሩ ማገዶ ደግሞ ያው አገዳ ነው። ጭማቂው ከወጣ በኋላ የሚቀረው ገለባ፣ በፋብሪካዎቹ አጠራር ባጋስ፣ ከወፍጮው በቀጥታ በማጓጓዣ ወደ እሳቱ ይገባል። ከ100 ኩንታል አገዳ 28 ኩንታል ያህል ባጋስ ይገኛል። ግማሹ ግን ውሃ ነው። በዚህ እርጥበቱም ቢሆን አንድ ኩንታል ባጋስ ወደ ሁለት ኩንታል እንፋሎት ይሰጣል፤ ከአምስት እስከ ስድስት ኩንታል የሚሆነው ደግሞ አንድ ኩንታል ከባድ ጥቁር ናፍጣ ይተካል። ናፍጣው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ሲሆን ባጋሱ ከማሳ የመጣ ነው።

እንፋሎቱ ሁለት ጊዜ ይሠራል። በመጀመሪያ በከፍተኛ ግፊት ተርባይን ያዞርና ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ከተርባይኑ ግፊቱ ቀንሶ ሲወጣ ሙቀቱ ገና አላለቀምና ጭማቂውን ለማሞቅና ለማትነን ይውላል። ግፊቱ ከፍ ባለ ቁጥር ከአንድ ኩንታል ባጋስ የሚገኘው ኤሌክትሪክ ይጨምራል። ወንጂ ስኳር ማምረት በጀመረበት በ1946 ዓ.ም ከነበረው ዘመን ጋር ሲነጻጸር ትልቁ ለውጥም ይኸው ነው። ነባሮቹን ተክቶ የተገነባው አዲሱ ፋብሪካ 31 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ሲሆን፣ የታሰበውም ከራሱ ፍጆታ የሚተርፈውን ለብሔራዊው የኃይል ቋት እንዲሰጥ ነው።

ሒሳቡ ግን ጠባብ ነው። ከ100 ኩንታል አገዳ የሚገኘው ባጋስ 56 ኩንታል ያህል እንፋሎት ሲሰጥ፣ በተለመደው አሠራር ያንኑ አገዳ ስኳር ለማድረግ ከ45 እስከ 55 ኩንታል እንፋሎት ያስፈልጋል። የባጋሱ እርጥበት ከ50 ወደ 55 በመቶ ከፍ ቢል የሚሰጠው ሙቀት ከአስር በመቶ በላይ ይቀንሳል፤ ትርፉ ያልቃል ማለት ነው። እሳቱ ማገዶውን ከማንደድ ይልቅ ውሃውን በማትነን ይደክማልና። ስለዚህ የመጨረሻው ወፍጮ ገለባውን አጥብቆ መጭመቁ ለስኳሩ ብቻ ሳይሆን ለእሳቱም ነው።

አርሶ አደሩ ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደለም። ጭቃ የያዘ አገዳ ሲጫን አፈሩ ከባጋሱ ጋር እሳት ውስጥ ይገባል። አፈር አይነድም፤ አመድ ያበዛል፣ በጭሱ ተሸክሞም የቦይለሩን ቱቦ እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቃል። የተበሳ ቱቦ እስኪጠገን ቦይለሩ ይቆማል፤ አገዳው ደግሞ ተቆርጦ ይጠብቃል። ማሳው ሳይደርቅ መኪና ማስገባት ለአንድ ቀን ጊዜ የቆጠበ ቢመስልም ውሎ አድሮ ኪሳራው ለአብቃዩም ይተርፋል።

ማሳ ላይ የሚቃጠለው ቅጠልስ? ከጫፉ ጋር ተደምሮ በደረቅ ክብደቱ ከባጋሱ ጋር የሚቀራረብ ነው። ይህን ሁሉ በጭስ መልክ መልቀቅ ብክነት መሆኑ አያከራክርም። ሆኖም ሁሉንም ሰብስቦ ወደ ቦይለር መክተትም አዋጪ ላይሆን ይችላል። አረንጓዴው ጫፍ የከብት መኖ ነው፤ ደረቁ ቅጠል መሬት ላይ ቢቀር እርጥበት ይይዛል፣ አፈሩንም ይመግባል። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ፖታሲየምና ክሎሪን ደግሞ ቱቦ ላይ ቅርፊት ይሠራል። ከፊሉን ለማሳ ትቶ ከፊሉን ማንሳት የተሻለ ይመስላል፤ ለዚህ ግን ሳያቃጥሉ መቁረጥን ይጠይቃል፤ ሳይቃጠል መቁረጥ ደግሞ የቆራጩን ድካም ስለሚጨምር ክፍያውም አብሮ መታየት አለበት።

ክረምት ሲገባ ቆረጣ ይቆማል፤ ፋብሪካውም ለጥገና ይዘጋል። ዝናቡ ሲያባራ ቦይለሩ የሚለኮሰው ገና አንድም አገዳ ሳይጨመቅ ነው። ያን ቀን የሚነደው ካለፈው ዓመት ተርፎ ዝናብ እንዳይነካው የተከመረ ባጋስ ነው። ክምሩ ከረጠበ ይበሰብሳል፤ በውስጡ ሙቀት ሲጠራቀምም በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ባጋሱ ካልተረፈ እሳቱ በእንጨት ወይም በጥቁር ናፍጣ ይጀመራል።