ስለ ሆቴል ክፍል ቁልፍና ስለ አዲሱ የእንግዳ አቀባበል አሠራር

በጉለሌ አዲሱ ገበያ፥ ወደ ሱሉልታና ወደ ጎጃም በሚያወጣው መንገድ አካባቢ ባሉት የእንግዳ ማረፊያዎች ከሚያድሩት ሰዎች መካከል ሸቀጥ ለመግዛት የመጣ የክፍለ ሀገር ነጋዴና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተኛ ዘመዱን የሚያስታምም መንገደኛ ይገኙባቸዋል። ሁለቱም ንብረታቸውን በክፍሉ ትተው ሲወጡ የሚተማመኑት በአንዲት ቁልፍ ነው።

በአገራችን ልማድ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ያለ ሰው ያለ ዋጋ ይስተናገድ ነበር። በ1898 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተ የሚነገርለት የእቴጌ ጣይቱ ሆቴልና ከእርሱ በኋላ የተከፈቱት ሆቴሎች ከፍሎ ማደርን ካስለመዱ ወዲህ ግን በእንግዳውና በባለቤቱ መካከል ውል ገብቷል፤ የክፍሉም ቁልፍ የዚህ ውል ምልክት ነው።

የብረት ቁልፍ ጉድለት የታወቀ ነው። እንግዳው ይዞት ቢሄድ፥ ባለቤቱ መቆለፊያውን ካልለወጠ በቀር በማን እጅ እንዳለ አያውቅም። ዕቃ ጠፋ በተባለም ጊዜ በሩን ማን እንደ ከፈተው የሚያስረዳ ማስረጃ ስለሌለ፥ ጥርጣሬው ክፍሉን በምታጸዳው ሠራተኛ ላይ ይወድቃል።

ይህን ችግር ለማቃለል ኖርዌያዊው ቶር ሶርነስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት ለእያንዳንዱ እንግዳ ሊለወጥ የሚችል የካርድ ቁልፍ ፈለሰፈ። የዛሬው አሠራር እንደሚከተለው ነው። እንግዳ ተቀባዩ የክፍሉን መለያና እንግዳው የሚለቅበትን ቀንና ሰዓት በካርዱ ላይ ይመዘግባል፤ ጊዜው ሲያልፍ ካርዱ በሩን አይከፍትም። ካርዱ ቢጠፋ ሌላ ይዘጋጃል፤ አዲሱ በሩን እንደ ከፈተም የቀድሞው ይሻራል። ብዙዎቹ መቆለፊያዎች በየትኛው ካርድና በስንት ሰዓት እንደ ተከፈቱ መዝግበው ያስቀምጣሉ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በአንዳንድ ታላላቅ ሆቴሎች የእንግዳው ስልክ ራሱ ቁልፍ ሆኗል።

ይሁን እንጂ መሣሪያው ብቻውን አደራ አይጠብቅም። ለሁሉም ክፍል የሚሠራ አንድ ካርድ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወር ከሆነ፥ መዝገቡ ካርዱን እንጂ ሰውየውን አያሳይም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በስሙ የተመዘገበ ካርድ ሊሰጠው ይገባል፤ ይህም ንጹሑን ሠራተኛ ከሐሜት ያድነዋል። መቆለፊያዎቹ በባትሪ ድንጋይ ስለሚሠሩ መብራት ሲጠፋ አይቆሙም፤ ነገር ግን ድንጋዩ ሳያልቅ መለወጥ፥ ካርድ ለሚያዘጋጀውም መሣሪያ መጠባበቂያ ኃይል ማሰናዳት ያሻል። ካርድም ቢሆን ፈጽሞ የማይደፈር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ተመራማሪዎች ከ3 ሚሊዮን በላይ በሮች ላይ ባለ አንድ የመቆለፊያ ዓይነት ውስጥ ሐሰተኛ ካርድ ለመሥራት የሚያስችል ጉድለት ማግኘታቸውን አስታውቀዋል።

የእንግዳው ምዝገባም እየተለወጠ ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ ማንነትን በፋይዳ ማረጋገጥ ተችሏል። በሌላ በኩል የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ በጥንቃቄ እንዲይዘው ስለሚያስገድድ፥ የመታወቂያ ቅጂ በጠረጴዛ ላይ ተበትኖ መታየት የለበትም።

እንግዲህ የአሥር ክፍል ባለቤት ምን ያድርግ? ካርዱን ለመግዛት አቅሙ ካልፈቀደ፥ ቁልፍ የወሰደውን ሰው ስም፥ ሰዓትና ፊርማ የያዘ መዝገብ ዛሬውኑ ሊጀምር ይችላል። የሚገዛ ከሆነ ግን ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ሻጩን ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ መቆለፊያው ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? የደኅንነት ጉድለት ሲገኝ ማን ያርመዋል? እሳት ቢነሣ በሩ ከውስጥ ያለ ካርድ ይከፈታልን? ለዚህ ለመጨረሻው ጥያቄ «አዎን» የሚል መልስ ያልተገኘለት መቆለፊያ በምንም ዋጋ ሊገዛ አይገባም። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ዘመናዊ ስልክ ሳይዝ ከሆስፒታል ለሚመለሰው መንገደኛም በሩን የሚከፍትለት ሰው ምንጊዜም ሊኖር ይገባል።