የቀለም ቀንድና የጠመንጃ ሰደፍ

በደቡብ ጎንደር ባሉት በደብረ ታቦር፣ በእብናትና በጋይንት ደጋ ጠመንጃ የክብር ዕቃ ነው። ጀግና ሲሞት ጠመንጃው፣ ጋሻውና ፈረሱ ለቅሶው መሀል ይቆማሉ፤ አልቃሽም እነሱን እያየች ሙሾ ታወርዳለች። ከዚያው ለቅሶ ጥቂት እልፍ ብሎ ባለው ደብር ደግሞ ብራና የሚዳምጥ፣ ቀለም የሚበጠብጥ፣ ሐረግ የሚስል ደብተራ አለ። ጠመንጃና ቀለም በቀድሞው ቤጌምድር ለዘመናት ጎረቤት ሆነው ኖረዋል። ይሁን እንጂ በጠመንጃ እንጨት ላይ በቀለም መሳል የአገሩ ልማድ አልሆነም። መሣሪያው በብር፣ በናስና በቆዳ ሲሸለም ቀለሙ ብራናው ላይ ቀረ። እንዲህ የሆነበት ምክንያት አለው፤ ዛሬ ሰደፍ ላይ መሳል ለሚያምረው ሰውም ማወቁ ይጠቅመዋል።

ከጋሻው እንጀምር። የመሣሪያ ጌጥ በእኛ አገር ጫፍ የደረሰው እዚያ ላይ ነውና። የጎሽ ወይም የጉማሬ ቆዳ ተወጥሮ ይደርቃል፤ የባለማዕረግ ከሆነ ከፋይ ይለብሳል፤ በከፋዩ ላይ የተቀረጸ የብር ወይም የናስ ዝርግ ይለበጥበታል። ጋሻው የማን እንደሆነ ከሩቅ የሚናገረው ይኸው ብር ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1760ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር ሳለ፣ ጠመንጃውን የሞራ ሻማ አጉርሶ ተኩሶ ሦስት ጋሻ እንደበሳ ጽፏል። ለጋሻ ሠሪ መርዶ መሆን ነበረበት። ጋሻ ግን ጥይት መመከት አቅቶትም ከባለማዕረግ እጅ አልወጣም፤ በቀጣዩ ምዕተ ዓመትም በብር እየደመቀ የሹመትና የሽልማት ዕቃ ሆኖ ዘለቀ። የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከዘረፋቸው ጋሻዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2024 እንግሊዝ አገር ለጨረታ ቀርቦ፣ ተቃውሞ ሲነሣ ከሽያጭ ወጥቶ በዚያው ዓመት ወደ አገሩ ተመልሷል።

ጠመንጃው የኋላ እንግዳ ነው። በ1533 ዓ.ም. ከክሪስቶቮ ዳ ጋማ ጋር የመጡት 400 ያህል ፖርቱጋላውያን ጠመንጃ ታጥቀው ነበር፤ ኢማም አህመድም በ1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ የወደቁት በጥይት ነው። በብሩስ ዘመን የነበሩት የራስ ሚካኤል ስሑል ጉልበት ከትግራይ ይዘውት የመጡት ባለጠመንጃ ጦር ነበር። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ የግብፅ ጦር ሲሸነፍ ረሚንግተን በምርኮ ገባ። ከዚያ ወዲያ ስናድር፣ ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽር እያለ አገሬው ስም እያወጣ ተቀበላቸው። ሁሉም ከፋብሪካ የወጡ ናቸው፤ እንጨታቸውም ተላልጎና ዘይት ጠጥቶ የመጣ ነው። የቤልጅግ ፋብሪካ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት በሠራቸው ማውዘሮች ላይ እንኳ የይሁዳ አንበሳ የተመታው ብረቱ ላይ ነው።

መሣሪያን እዚሁ ለመሥራት የተሞከረበት ቦታ ሲነሣ ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት ትቀድማለች። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡትን እነ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርን መድፍ እንዲያቀልጡ እዚያ አሰፈሯቸው። ትልቁ ሥራቸው ሴባስቶፖል ሲሆን ወደ 7 ቶን ይመዝናል። ንጉሡ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ በሠራዊት ጉልበት እያስጎተቱ መቅደላ አደረሱት፤ ዛሬም እዚያው አለ። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው። የጋፋት ታሪክ ሲነገር ብረቱ ብቻ ይነሣል። ብረት ያለ እንጨት አይሠራም፤ ሠረገላውንም መንኮራኩሩንም የጠረቡ እጆች ነበሩ፤ ስለ እነሱ የሚያወራ ግን እምብዛም ነው።

የእጅ ሥራ ሰደፍ የሚመጣውም ከአናጢ ነው። የፋብሪካው እንጨት ሲሰነጠቅ እርጥብ ጠፍር ይጠመጠምበታል፤ ጠፍሩ ሲደርቅ ይጠብቃል። የናስ ሽቦ ወይም ቆርቆሮ የሚያስርበትም አለ። ጨርሶ ሲሰበር ከወይራ ወይም ከዋንዛ አዲስ ይጠረባል። ወይራ ጠንካራና ከባድ ነው፣ ደሙም ያምራል፤ ዋንዛ ለእጅ ይቀላል፣ ለቢላዋም ይታዘዛል። አብዛኛው የጠመንጃ ጌጥ እንዲህ ከጥገና ይወለዳል። ሊጠግን የገባ ናስ ሲወለወል ያበራል፤ ባለቤቱም ወዶት ሌላ ይጨምርበታል።

ወደ ቀለሙ እንለፍ። ሲበዛ የረቀቀ ሙያ ሆኖ ሳለ መነሻው ማድ ቤት ነው። ከምጣድና ከድስት ቂጥ የተፋቀ ጥላሸት፣ እስኪያር የተቆላ ገብስ ወይም ስንዴ፣ እንደየአገሩ የሚለያይ ቅጠል አንድ ላይ ይወቀጣል፤ በውኃ ተለውሶ ለወራት ይቀመጣል፤ እየተማሰለ ይብላላል። ሽታው ላልለመደው አይመችም። በመጨረሻ ይደርቃል፤ ጸሐፊው ሲፈልግ ቆርሶ ይበጠብጠዋል። ጥቁሩ በአንድ ቀንድ፣ ቀዩ በሌላው ይሞላና ቀንዶቹ ከጎኑ መሬት ላይ ይተከላሉ። ብዕሩ መቃ ነው። ቀዩ ለእግዚአብሔር፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም ይቆጠባል። ጥቁሩ ከጥላሸት ስለሚሠራ፣ አውሮፓውያን ከብረት ቅመም ያዘጋጁት እንደነበረው ቀለም ገጹን አይበላም፤ በብዙ መቶ ዓመት ብራና ላይ ፊደሉ እስካሁን ጥቁር ነው።

ሐረግ ከመጽሐፉ ራስ ላይ ተዘርግቶ በአምዱ ጎንና ጎን የሚወርደው ጥልፍልፍ ጌጥ ነው። መስመሩ በቀጭኑ ይነደፋል፤ በጥቁር ይከበባል፤ ክፍተቱ በቀይ፣ በቢጫ፣ በሰማያዊ ይሞላል። ደቡብ ጎንደር ለዚህ ባዳ አይደለም። ጋይንት ያለችው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ተማሪው ድጓውን በገዛ እጁ መገልበጡም የቆየ ልማድ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ካከማቿቸው መጻሕፍት 350 ያህሉ ለንደን ገብተዋል፤ እነሱን ለማየት የሚሻ እስካሁን እዚያ መሄዱ ያሳዝናል።

እንግዲህ ሐረጉ ለምን ሰደፉ ላይ አልወጣም? አንደኛው ምክንያት ቁሱ ነው። የጥላሸት ቀለም የእንጨቱን ሥር ተከትሎ ይሸሻል፤ መስመሩ ጠርዙን ያጣል። ሰደፍ ደግሞ ቅቤና ሞራ ይቀባል፣ ላብ ይጠጣል፣ ቀን ከትከሻ ማታ ከግድግዳ ይፈተጋል። ሁለተኛው የማዕረግ ጉዳይ ነው፤ ለእኔ ክብደቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ብራና የሚፍቀው የቤተ ክርስቲያን ሰው ስለሆነ ይከበራል፤ ለመሣሪያው ቆዳ የሚያለፋውና ብረት የሚቀጠቅጠው ግን «ፋቂ»፣ «ቀጥቃጭ»፣ «ቡዳ» እየተባለ ይገፋ ነበር። በጎንደር ዙሪያ ብረት ሲሠሩ የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን ይህን ገፈት ቀምሰዋል። ሁለቱ ባለሙያዎች አንድ ማድ ካልቀረቡ አንድ ሰደፍ ላይ አብረው ሊሠሩ አይችሉም። ንቀቱ ያስከፈለው ዋጋ ብዙ ነው፤ ይህ አንዱ ነው።

ቢሆንም ቀለም ከተዋጊው ጨርሶ አልራቀም። ክታቡ አለ፦ ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ የተቆረጠ ረጅም ብራና፣ ሰይፍ የመዘዙ መላእክት፣ ዓይን የበዛበት ሥዕል፣ የክርስትና ስም፤ ተጠቅልሎ በቆዳ ማኅደር አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ጠመንጃውም ራሱ ሥዕል ውስጥ ገብቷል። የዐድዋን ጦርነት የሚያሳዩት ባህላዊ ሥዕሎች በጠመንጃ የተሞሉ ናቸው፤ በላቸው ይመርን የመሳሰሉ ሠዓሊዎችም የጦርነትና የአደን ትዕይንት ሸራ ላይ አውጥተዋል። ቀለሙ ጠመንጃውን ሣለው እንጂ ጠመንጃው ላይ አልሣለም።

በሌላው ዓለም ሁለቱን ያገናኙ ነበሩ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሲሌዥያዋ ቴሽን ከተማ ጠመንጃ ሠሪዎች ሰደፉ ውስጥ የአጋዘን ቀንድና አጥንት ከትበው፣ በላዩ የአደን ሥዕል ጭረው፣ ጭረቱን በጥቁር ቀለም ይሞሉት ነበር። የቀለሙን ችግር የፈቱት ከእንጨቱ ላይ በማንሣት ነው፤ አጥንት እንደ እንጨት ቀለም አይመጥጥም፣ ጭረት ውስጥ የገባ ቀለምም ቶሎ አይፋቅም። አገራችን ቀንድ አላጣችም።

ዛሬ መሞከር ለሚፈልግ መንገዱ ከዚህ ብዙ አይርቅም። አዲስ የተጠረበ ደረቅ እንጨት ይመረጥ፤ ቅቤ የጠጣ አሮጌ ሰደፍ ቀለም አይቀበልም። እንጨቱ ይለስልስ፤ ሐረጉ በስለት ጫፍ ቀድሞ ይጫር፣ ጭረቱ ቀለሙ እንዳይሸሽ ያግደዋል፤ በደንብ ከደረቀ በኋላ ሰም ይቀባ። የመላእክትንና የቅዱሳንን ሥዕል ግን ለመጽሐፉ መተው ይሻላል፤ ጥልፍልፉ ብቻውን ይበቃል። ጠመንጃን የመያዙም የመሥራቱም ነገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ መሆኑ አይረሳ።

የአያቱ ውጅግራ ወይም ምንሽር ቤቱ ያለ ሰው ደግሞ አንድ አደራ አለበት። አናጢ ሰደፉን ልጎ ቫርኒሽ ሳይቀባው፣ ጠፍሩንና ናሱን «አርጅቷል» ብሎ ሳይነቅለው በፊት፣ በግራም በቀኝም ፎቶ ያንሣው፤ እንጨቱን ማን እንደጠረበው የሚያስታውስ ሽማግሌ ካለም ጠይቆ ከፎቶው ጋር ይጻፍ።